አኒሩድ ያልሰማው ዜና

በሙከርጂ ናጋር፣ በዚያ ተማሪ በሞላው የዴልሂ ሰፈር፣ ስለ ዓለም ጉዳይ ክርክር ሲነሳ ዳኛው አኒሩድ ሳህኒ ነበር። ሻይ ቤት አግዳሚ ላይ ሁለት ልጆች ስለ አንድ አዲስ አዋጅ ወይም ስለ አንድ የድንበር ስምምነት ሲጨቃጨቁ ሦስተኛው ጣልቃ ገብቶ፣ «ምን ያስጮኻችኋል? አኒሩድ አለ አይደል እንዴ፣ እሱን ጠይቁት!» ይላቸዋል። አኒሩድም ወተት የበዛበት ሻዩን ፉት ብሎ፣ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ፣ ስምምነቱ የት እንደተፈረመ፣ ማን ፈርሞ ማን እንዳኮረፈ፣ ህንድ ለምን ዝም እንዳለች አንድ ባንድ ይነግራቸዋል።

አብሮት የሚኖረው ትሪሎክ የሚባል ቀልደኛ የቤናሬስ ልጅ ነበር። «እኛ ጋዜጣ እናነባለን፤ ጋዜጣው ደግሞ እንዳይሳሳት አኒሩድን ያነባል» እያለ ያሾፍበታል። ክፍላቸው መስኮት የላትም። ግድግዳዋ ግን በካርታና ከጋዜጣ በተቆረጠ ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች ስለተሸፈነ፣ ትሪሎክ እንግዳ ሲመጣ «ይቅርታ፣ መስኮታችን በአፍሪካ በኩል ነው» ይላል።

ሁሉም የሚዘጋጁት ለአንድ ፈተና ነው። ስንትና ስንት መቶ ሺህ ወጣት ተቀምጦ ጥቂቱ ብቻ የሚያልፍበት፣ ያለፈው ሄዶ አውራጃ የሚያስተዳድርበት፣ የወደቀው ደግሞ በዓመቱ ተመልሶ የሚቀመጥበት ፈተና። መጀመሪያ ማጣሪያው አለ፤ ከዚያ ዋናው የጽሑፍ ፈተና፤ ከዚያ ቃለ መጠይቁ። ታሪክን አንዴ ካጠኑት አይለወጥም፤ ሕገ መንግሥቱም ቢሆን ቶሎ ቶሎ አይነካም። ወቅታዊ ጉዳይ የሚሉት ግን ፋታ አይሰጥም፤ ጠዋት ያጠኑት ማታ ያረጃል። ብዙውን የሚጥለው እሱ ነው። አኒሩድን ግን እሱ ጥሎት አያውቅም፤ የሚጥለው ሌላው ነበር፤ አንድ ዓመት ሒሳቡ፣ ሌላ ዓመት ድርሰቱ።

የመጣው ከቢሃር፣ ከኮሲ ወንዝ ዳር ነው። ዳር ማለት እንኳ አይበቃም፤ ከወንዙ ሆድ ነው። መንግሥት ድሮ ወንዙን ለመግታት ግራና ቀኝ ረጃጅም የአፈር ክትር ሲሠራ፣ ቤልዋ የምትባለው መንደራቸው ከሁለቱ ክትሮች መሀል ቀረች። ውጪ ያለው እርሻ ከጎርፍ ዳነ፤ ቤልዋ ከወንዙ ጋር አብራ ታሠረች። በየክረምቱ ውሃው ይመጣል፣ ጎጆው ይፈርሳል፣ ሰው ክትሩ ላይ ላስቲክ ወጥሮ ይከርማል፣ ሲጎድል ወርዶ ደግሞ ይሠራል።

አባቱ ራምሳካል ጀልባ ቀዛፊ ነበር። አኒሩድ ልጅ ሳለ፣ በአንድ የጎርፍ ክረምት፣ የአውራጃው አስተዳዳሪ በራምሳካል ጀልባ ተሳፍሮ መንደሩን ሊጎበኝ መጣ። መነጽር ያደረገ፣ ቀጭን፣ ገና ጢሙ በደንብ ያልወጣ ወጣት። ያ ሁሉ ሲጮኽ የከረመ ሰው፣ ሽማግሌው፣ የመሬት ባለቤቱ፣ ፖሊሱ፣ ሁሉም ወጣቱ አፉን ሲከፍት ጸጥ አለ። በማግስቱ ሩዝ መጣ። ራምሳካል ይህን አልረሳውም። ማታውን ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ፣ «አየኸው? ወንዙ እኔን አይሰማኝም፤ እሱን ግን ሰማው። አንተ እንደ እሱ ነው የምትሆነው» አለው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጁን በስሙ ጠርቶት አያውቅም። «ሹሜ» ነበር የሚለው። «ሹሜ፣ በላህ?» «ሹሜ፣ ውሃው ላይ አትጫወት!»

ሹሜም አደገ፣ ኮሌጅ ጨረሰ፣ ዴልሂ ወረደ። ታናሽ እህቱ ሱጊያ ሒሳብ ላይ ከእሱ ትበልጥ ነበር፤ ሆኖም አንድ ቤት ሁለት ተማሪ አይችልምና እሷ ከትምህርቷ ቀረች፣ ከእናቷ ጋር የሰው እርሻ ልታርም፣ ዓሣ ይዛ ገበያ ልትወጣ። ይህን ማንም ሲወስን አልተሰማም። እንዲሁ ሆነ።

እናቱ ጃሶዳ ቁርጥ ያለች ሴት ነበረች። ልጇ በሄደ በመጀመሪያው ዓመት የሚያልቧት የቤት ጎሽ ሞተች፣ ለአኒሩድ ተነገረው፣ በዚያው ሳምንት ማጣሪያውን ወደቀ። ጃሶዳ ሁለቱን ነገር አገናኘቻቸው። ከዚያ በኋላ ቤልዋ ውስጥ ለአኒሩድ የሚነገረውንና የማይነገረውን የምትመርጠው እሷ ሆነች። ሱጊያ ታይፎይድ ይዟት ስትማቅቅ አልተነገረውም። ለሱጊያ የመጣው ጋብቻ ሲፈርስ አልተነገረውም። «ሐሳቡ ይበተናል» ትላለች ጃሶዳ። «ልጁ የዓለምን ነገር ተሸክሞ እኛም እንጨምርበት እንዴ?»

አኒሩድ በሳምንት አንዴ ይደውላል።

«እንዴት ናችሁ እማዬ?»

«ደህና ነን፣ አንተ አጥና።»

ያ ነበር ወሬያቸው።

እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመቱ ሄደ። አብረውት የጀመሩት አንዳንዱ አለፈ፣ አብዛኛው ተስፋ ቆርጦ ባንክ ገባ፣ አንዱ ሻይ ቤት ከፈተ። አኒሩድ ፀጉሩ ከፊት እየሳሳ ሄደ። በመጨረሻ ዕድሜው ፈተናው ከሚፈቅደው ጫፍ ደረሰ፤ ከዚህ ወዲያ ፈተና የለም። በዚያ ዓመት ማጣሪያውን አለፈ። ዋናው የጽሑፍ ፈተና ሲቃረብ ክረምቱ ገባ።

በዚያ ክረምት ኮሲ ሞላ። አኒሩድ ዜናውን እንደ ልማዱ በጠዋት አነበበው፤ እንደ ልማዱም ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ለታናናሾቹ አስረዳቸው። ውሃው ከኔፓል ተራራ እንደሚመጣ፣ ደለሉ የወንዙን ወለል ከፍ እንደሚያደርገው፣ ሰዎች ወንዙን የቢሃር ኀዘን እንደሚሉት፣ ለፈተና የትኛው ነጥብ እንደሚሆን። አንዱ ልጅ፣ «ጋሼ አኒሩድ፣ ያንተ አገር አይደለም እንዴ?» ሲለው ደንግጦ ስልኩን አወጣ።

«እማዬ፣ ውሃው እንዴት ነው?»

ጃሶዳ ትንሽ ዘግየት ብላ፣ «እኛ ጋ ምንም የለም» አለች። «ወደ ታች ነው የሄደው። ፈተናህ መቼ ነው?»

«ሰኞ።»

«በል አጥና።»

ጋዜጣውም የጻፈው ስለ ሌሎች መንደሮች ነበር። አኒሩድ አመነ።

ፈተናውን ተፈተነ። ከብርሃን በዓሉ በኋላ ውጤቱ ሲወጣ ስሙ አለ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለቃለ መጠይቅ ተጠራ። ትሪሎክ አልጋው ላይ ወጥቶ እየጨፈረ፣ «ክቡር አስተዳዳሪ! እኔን ሾፌር አድርገኝ፣ መንገድ ባላውቅም ስድብ አውቃለሁ!» ይላል። አኒሩድ ወዲያው ቤት ደወለ። ሱጊያ አነሳችው።

«ሱጊያ፣ አባባን አቅርቢልኝ። እኔው ራሴ ነኝ የምነግረው።»

«ወንዝ ላይ ነው ጋሼ።»

«ባለፈውም ወንዝ ላይ ነው አልሽኝ፤ ከዚያ በፊትም ጆሮውን አሞታል አላችሁ። ዛሬ ሳላናግረው ስልኩን አልዘጋም!»

ስልኩ ውስጥ ሹክሹክታ፣ የእግር ኮቴ፣ የእናቱ ድምፅ ተሰማ። ከዚያ ብዙ ቆይቶ አንድ ወንድ ሲስል ሰማ።

«አለሁ ልጄ።»

«አባባ? ድምፅህ ምን ሆነ?»

«ብርድ ነው። ጉሮሮዬን ይዞኝ…» ሳሉ ደግሞ መጣ።

«አባባ፣ አልፌያለሁ! ቃለ መጠይቁ ብቻ ነው የቀረኝ!»

ከዚያ ሰውየው የሚያለቅስ በሚመስል ድምፅ፣ «ተባረክ ልጄ። ተባረክ» አለና ስልኩ ተዘጋ።

አኒሩድ ስልኩን እንደያዘ ቆመ። ትሪሎክ፣ «ምን አሉህ? አለቀሱ?» ሲለው፣ «አለቀሰ» አለ። ሌላም ሊል ነበር፤ ተወው። በዚያው ቀን ከሰዓት የቃለ መጠይቅ ልምምድ ነበረበት።

በየካቲት ግድም፣ ካፖርት ተውሶ፣ ክራቫት ትሪሎክ አስሮለት፣ ከጠያቂዎቹ ፊት ቀረበ። አምስት ሰዎች ናቸው። መሀል ያለችው ሽበታም ሴት ወረቀቱን አየት አድርጋ፣ «ከኮሲ ነው የመጡት። በሁለቱ ክትሮች መሀል የሚኖሩት ሰዎች ምን ይደረጉ?» አለችው።

አኒሩድ ልቡ በደስታ ዘለለ። ይህን ጥያቄ ለስንቱ መልሶታል! ድምፁን ዝግ አድርጎ ጀመረ። በአንድ በኩል ክትሮቹ ያተረፉትን መሬት አነሳ፤ በሌላ በኩል መሀል የቀሩትን ሰዎች። ስለ መልሶ ማስፈር ፖሊሲ ተናገረ፣ ከኔፓል ጋር ስለሚደረገው ድርድር ተናገረ፣ ስለ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ተናገረ። ማንንም አልወቀሰም። ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች።

ጨርሶ ሲወጣ ትሪሎክ በር ላይ ጣፋጭ ይዞ ይጠብቀው ነበር። «እንዴት ነበር?»

«ኮሲን ጠየቁኝ» አለ አኒሩድ፤ ፊቱ በርቷል። «ኮሲን!»

በማግስቱ ባቡር ተሳፈረ። ሳሃርሳ በምትባለው ቅርብ ከተማ ወርዶ በጂፕ እስከ ክትሩ፣ ከዚያ በእግሩ እስከ ጀልባ መሻገሪያው ሄደ። አባቱን በድንገት ሊይዘው ፈልጎ እንደሚመጣ ለማንም አልተናገረም። መሻገሪያው ላይ የቆመው ግን የማያውቀው ጎረምሳ ነው።

«የራምሳካል ጀልባስ?» አለው አኒሩድ።

ጎረምሳው መቅዘፊያውን አቁሞ አየው። «የማን እንግዳ ነህ?»

«ልጁ ነኝ።»

ጎረምሳው ዓይኑን ሰበረ። ጀልባውን አቅርቦ አሻገረው። የቤልዋ ጎጆዎች በነበሩበት ቦታ አሸዋ ተኝቷል። ሰዎቹ ወዲያኛው ክትር ላይ፣ ላስቲክና ቀርከሃ ተደግፈው፣ በረድፍ ሰፍረዋል። አኒሩድ እናቱን ከሩቅ አወቃት፤ ጎንበስ ብላ ኩበት ትጠፈጥፋለች። ቀና ስትል ከፀጉሯ መሀል ያ ሁልጊዜ የሚያውቀው ቀይ መስመር የለም። ክንዶቿ ላይ የብርጭቆ አምባሮቿ የሉም። ባሏ የሞተባት ሴት መሆኗን ለማወቅ ሌላ ምንም አያስፈልግም ነበር።

ሻንጣው ከእጁ ወደቀ።

«መቼ?» አለ።

ጃሶዳ እጇን በልብሷ ጠረገች። «መጀመሪያ ቁጭ በል።»

«መቼ ነው እማዬ?»

«በክረምቱ። ስትደውልልኝ ሦስተኛ ቀኑ ነበር።»

የሆነው እንዲህ ነው። ውሃው በአንድ ጊዜ ሲመጣ ራምሳካል ጎረቤቱን፣ የጎረቤቱን ፍየልና አሮጊቱን ሁሉ ወደ ክትሩ ሲያመላልስ ዋለ። በመጨረሻው ጉዞ ጀልባዋ ውሃ ውስጥ የወደቀ ዛፍ መታችና ተገለበጠች። የተሳፈሩት ቅርንጫፉን ይዘው ተረፉ፤ እሱን ውሃው ወሰደው። ከሁለት ቀን በኋላ ሸንበቆ መሀል አገኙት። ደረቅ መሬት ስላልነበረ እዚያው ክትሩ ላይ አቃጠሉት። እሳቱን መለኮስ፣ ፀጉርን ተላጭቶ አባትን መሸኘት የወንድ ልጅ ወግ ነው፤ በአኒሩድ ፈንታ የሟቹ ወንድም ጆጊንደር ለኮሰ። ጃሶዳም እሳቱ ሳይበርድ የመንደሩን ሰው ሰብስባ፣ «ማንም ለልጄ ቢነግረው፣ ከእኔ ጋር አይተያይም» አለች። ማንም አልነገረውም።

አጎቱ ጆጊንደር ከጎጆው ብቅ ብሎ በሩ ላይ ቆመ። ሳለ። ያንን ሳል አኒሩድ አወቀው።

«አንተ ነህ?» አለው። «ስልክ ላይ አንተ ነበርክ?»

ጆጊንደር ፊቱን በሻሹ ሸፈነ። «እሷ ናት ያለችኝ ልጄ። እግሯ ላይ ወድቄ ነበር፣ ተይኝ ብዬ…»

ሱጊያ ከእናቷ ጀርባ ቆማለች። ጠቁራለች፣ ከስታለች። ወደ ወንድሟ ጠጋ ብላ፣ «አባባ ‹ልጄ› ብሎህ ያውቃል?» አለችው።

አኒሩድ አያት።

«ያኔ ስልኩን አጠገቤ ይዤ ነበር። አጎቴ ‹ልጄ› ሲል ጉዳችን ፈላ አልኩ። አሁን ያውቃል፣ አሁን ይጮኻል አልኩ። በልቤ እንድታውቅ ለምኜ ነበር ጋሼ። ሰባት ወር ብቻዬን እየሳቅኩ ሳናግርህ! አንተ ግን ‹ቃለ መጠይቁ ብቻ ነው የቀረኝ› አልክ።»

አኒሩድ በዚያው ቀን ፀጉሩን ተላጨ። ማንም እንዲህ ዘግይቶ ተላጭቶ አያውቅም፤ ፀጉር አስተካካዩም ግራ ገብቶት ምላጩን ይዞ ጥቂት ቆመ።

ውጤቱ የወጣው እዚያው ክትሩ ላይ ሳለ ነው። ትሪሎክ ደወለ። አልቀለደም። «ወንድሜ…» ብሎ አቆመ። አኒሩድ ስሙ እንደሌለ ከዚያች ቃል አወቀ። ገብቶ ለእናቱ ነገራት። ጃሶዳ ምድጃው ፊት ተቀምጣ እሳቱን ቆሰቆሰች።

«ብታልፍ ኖሮ ደግ ሥራ ነበር የሠራሁት» አለች በመጨረሻ። «አላለፍክም። እንግዲህ ኃጢአት ሆነ።»

አላለቀሰችም። ሩዙን ከምድጃው አወረደች።

አኒሩድ ዴልሂ ተመለሰ፤ ሌላ የት ይሄዳል? ከዚያ ሁሉ ዓመት የተረፈው ነገር ቢኖር ወሬ ማወቁ ብቻ ነበር። ማሂፓል የሚባል የማሰልጠኛ ባለቤት የወቅታዊ ጉዳይ አስተማሪ አድርጎ ቀጠረው። ጥሩ አስተማሪ ወጣው፤ ሆኖም ምላሱ መራራ ነበር። አንድ ተማሪ «ቲቸር፣ ይኼ ፈተና ላይ ይመጣል?» ሲለው፣ «የሞቱትን ሰዎች ፈተና ላይ ይምጡ አይምጡ ብለን አስቀድመን ብንጠይቃቸው ጥሩ ነበር» ይላል። ተማሪዎቹ ይስቃሉ። እሱ አይስቅም።

ትሪሎክ አፉ አያርፍምና የአኒሩድን አባት ነገር ለማሂፓል ነገረው። ማሂፓል አኒሩድን ቢሮው ጠርቶ በር ዘጋ።

«ይኼን ለተማሪዎች በቪዲዮ ትነግራቸዋለህ። ልብ ይነካል እኮ!»

«ምን ብዬ?»

«እንደሆነው። አንድ ቃል አትጨምር። የሆነውን ብቻ።»

አኒሩድ ብዙ አመነታ። በመጨረሻ እሺ ያለው ለሌላ ነገር ነበር፤ ያንን ሁሉ ወጣት፣ ቤታችሁ ደውሉ፣ የምትሰሙትን ድምፅ አድምጡ ሊል ፈልጎ። ካሜራው ፊት ተቀምጦ ሁሉንም ተናገረ። መጨረሻ ላይ፣ «እናቴ አባቴን የመሸኘት ወጌን ቀማችኝ። እኔም እንድቀማ ፈቅጄ ነበር። እናንተ አትፍቀዱ» አለ።

ቪዲዮው ሲወጣ መጨረሻው የለም። ማሂፓል ቆርጦታል። ከሥር ሙዚቃ ገብቶበታል፤ ርእሱ «ለልጇ ስትል የባሏን ሞት የደበቀች ጀግና እናት» ይላል። አገር አየው። አኒሩድ ቢሮ ገብቶ ሲጮህ ማሂፓል ሳቅ እያለ፣ «ተረጋጋ፤ ሰው የሚወድደውን ነው ያስቀመጥኩልህ» አለው።

በዓመቱ፣ ማጣሪያው ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ የማያውቃት ሴት ደወለች። ከማሆባ ነው አለች፤ የሃርኬሽ እናት ነኝ አለች። ሃርኬሽን አኒሩድ ያውቀዋል፤ ከፊት ወንበር የማይጠፋ፣ ጥያቄ የሚያበዛ፣ ዘንድሮ የመጨረሻ ዕድሉ የሆነ ተማሪ።

«ቲቸር፣ ጌታዬ፣ ትልቁ ልጄ ትናንት ድንጋይ ማውጫው ተደርምሶበት…» አልጨረሰችውም። «ለሃርኬሽ አልነገርነውም። እርስዎ ጋ ይማራል፤ ከሌላ ሰው እንዳይሰማ ይጠብቁልኝ። ፈተናው እስኪያልፍ ብቻ። የእናትዎን ነገር አይቼ ነው፤ እሷ ከቻለች እኔም እችላለሁ ብዬ።»

«እናቴ ተሳስታለች» አለ አኒሩድ።

«ምን?»

«ተሳስታለች እማማ። ንገሩት።»

«ጀግና ናት ብላችኋል እኮ!» ብላ ጮኸች ሴትዮዋ። «በራስዎ አፍ ሲናገሩ አይቻለሁ! ልጄ ሁሉን ትቶ እዚያ የተቀመጠው ለዚህ ነው፤ አንዱን አጣሁ፣ የሌላውን ሕይወት ደግሞ እኔው ላጥፋ? እባክዎ፣ በእናትዎ ይዤዎታለሁ።»

አኒሩድ ስልኩን ዘግቶ ክፍል ገባ። ስለ አንድ የንግድ ስምምነት ማስተማር ነበረበት። ሃርኬሽ ከፊት ተቀምጦ እስክሪብቶውን ክፉኛ ያኝካል። አኒሩድ ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ተናግሮ የቱ ጋ እንደደረሰ ጠፋው። «አምስት ደቂቃ ዕረፍት» አለና ልጁን ወደ ደረጃው ጠራው።

«ሃርኬሽ፣ ወደ ቤት ሂድ። ወንድምህ አርፏል። ትናንት ነው። ዛሬ ከተሳፈርክ ትደርሳለህ።»

ልጁ መጀመሪያ ፈገግ አለ፤ ቀልድ መስሎት። ከዚያ የደረጃውን ብረት ያዘ።

«ለምን ነገሩኝ?» አለ።

«ወንድምህ ስለሆነ።»

«ለምን ነገሩኝ ቲቸር?» ደጋገመው፤ ከዚያ ቦርሳውን እንኳ ሳይዝ ወረደ።

ሃርኬሽ ደረሰ። ወንድሙን በትከሻው ተሸክሞ ሸኘው። ከዚያ ግን እናቱ ታመመች፣ የወንድሙ ሚስትና ልጆች እሱ ላይ ወደቁ፣ የፈተናው ቀን ማሆባ ውስጥ አለፈ። ሌላ ዕድል አልነበረውም። ከወራት በኋላ ለአኒሩድ ደወለ።

«ወንድሜን ሸኝቻለሁ» አለው። ድምፁ የሽማግሌ ድምፅ መስሏል። «ደግ ነገር ነው። አልክድም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት ቲቸር። ያኔ የነገሩኝ ለእኔ ብለው ነው ወይስ በእናትዎ ላይ የያዙትን ቂም በእኔ ተወጡ?»

አኒሩድ፣ «ሃርኬሽ…» ሲል ልጁ ስልኩን ዘጋው።

ነገሩ ማሰልጠኛው ውስጥ ተሰማ። ማሂፓል፣ «ወላጅ የሚፈራው አስተማሪ አያስፈልገኝም» ብሎ አሰናበተው። ቪዲዮውን ግን አላወረደውም። ትሪሎክ ያን ጊዜ ቤናሬስ ገብቶ የአባቱን የጨርቅ ሱቅ ይዟል፤ ስልክ ደውሎ «ና እዚህ፣ ሳሪ እንሸጣለን፣ ካርታውን ለመጠቅለያ እንጠቀምበታለን» አለው። አኒሩድ ግን ሳሃርሳ ወረደ።

አሁን እዚያ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ከብስክሌት ጥገና በላይ ባለች ክፍል፣ ለባቡርና ለፖሊስ ቅጥር ፈተና የሚዘጋጁ የገጠር ልጆችን ወቅታዊ ጉዳይ ያስተምራል። አላገባም። ሱጊያ ዕድሜዋ ከገፋ በኋላ አንድ ሚስቱ የሞተችበት ሰው አግብታ ወደ ሌላ መንደር ሄዳለች፤ ከወንድሟ ጋር በበዓል ትገናኛለች፣ ደህና ናችሁ ይባባላሉ፣ ከዚያ አይዘሉም። ጃሶዳ ግን ከክትሩ አልወርድም ብላለች። እሑድ እሑድ አኒሩድ ሄዶ ያያታል።

ባለፈው ክረምት አንድ ቀን፣ ዝናቡ ላስቲኩን ሲደበድበው፣ የተቆላ ሽምብራ ዱቄት በሽንኩርት አቡክታ እያቀረበችለት፣ ድንገት ጠየቀችው።

«ያ ልጅ፣ ወንድሙ የሞተበት፣ ምን ሆነ?»

አኒሩድ ስለ ሃርኬሽ ነግሯት አያውቅም። አፉ የማያርፈው ትሪሎክ ነግሯት ይሆናል።

«ወንድሙን ሸኘ።»

«እሱን አይደለም የጠየቅኩህ። ፈተናውን አለፈ?»

«አልተፈተነም።»

«ዝም ብትለው ይፈተን ነበር።»

«ይፈተን ነበር።»

«ምናልባት ያልፍ ነበር።»

«ምናልባት።»

ጃሶዳ ራሷን ነቀነቀች፤ በድል አይደለም፣ በሐዘንም አይደለም። «እንግዲያው እኔን በክፉ ዓይን አትየኝ» አለችው። «ብላ፣ ሳይጠነክር።»

አኒሩድ በላ። ውጪ ውሃው ከፍ እያለ ነበር፤ ጎረቤቶቹ ፍየሎቻቸውን ወደ ክትሩ መሳብ ጀምረዋል። ሳህኑን አስቀምጦ ሊያግዛቸው ወጣ።